ስለ ጋሼ ዓባይነህ የጀልባ ምሰሶ

ለተከበሩ የባሕር ማዶ ጀልባ ማጓጓዣ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በዚህ ክፉ የወረርሽኝ ዘመን እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ስልክ ላይ ሙዚቃ እያሰሙ የሚያቆዩን ሠራተኞችዎም ደኅና እንድትሆኑ ከልቤ እመኛለሁ። ሰርካዲስ ወርቅነህ እባላለሁ፤ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ አጠገብ ባለችው ጋሃና እኖራለሁ፣ ኤርፖርት ውስጥ መንገደኛ መዝግቤ ሻንጣ እቀበላለሁ። ስሜን ባያስታውሱት እንኳ ድምፄን ያውቁታል፤ ቀድተው አስቀምጠውታልና።

የምጽፍልዎ ስለ ጎረቤቴ ስለ ጋሼ ዓባይነህ ባለ ሸራ ጀልባ ነው። ጋሼ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል መርከበኛ ነበሩ። የመርከብ ሞተር ጆሯቸውን ስለጎዳው ስልክ ላይ የሚባለውን አይለዩም። እኔ ኮሎምበስ ስገባ መኪና መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸውና፣ የሚደውልላቸውን ሰው ማነጋገር የኔ ድርሻ ሆነ። ጡረታ ሲወጡ አንዲት ያረጀች ጀልባ ገዝተው ጋራዣቸው ውስጥ አደሷት፤ የሸራዋን ምሰሶ ከእንጨት ጠርበው የሠሩት በገዛ እጃቸው ነው። ግሪክ የሚኖሩት የባሕር ኃይል ጓደኛቸው ግርማቸው ልባቸውን ታመው ሐኪም አውሮፕላን ሲከለክላቸው፣ ጋሼ "እሱ መምጣት ካልቻለ ጀልባዋ ትሄድለታለች" አሉ። በ2021 ፋሲካ ሰሞን፣ ጀልባዋን በመርከብ ጭናችሁ የግሪክ ወደብ ፒሬዎስ ልታደርሱ ተዋዋልን።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ጀልባዋን ወደብ ላይ አስቀምጣችሁ በቂ ዕረፍት ስለሰጣችኋት እናመሰግናለን። ቦታ ጠፋ፣ ወደቡ ተጨናነቀ፣ ሠራተኛ ታመመ እያላችሁ ስታቆዩን፣ ጋሼ ግርማቸው በየእሑዱ "ተነሣች?" እያሉ ይጠይቁ ነበር። የታመመ ሰው ትዕግሥት እንዲማር አስባችሁ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ስለ ቆጣቢነታችሁ። ጋሼ ምሰሶው ከሥሩ ተነቅሎ ጀልባዋ ላይ እንዲተኛ በጽሑፍ አዘዋችሁ፣ እንዳትቸገሩም ሥዕል ሠርተው ሰጥተዋችሁ ነበር። እናንተ ግን አጠገቧ ሌላ ጀልባ ለመጫን ቦታ ስላስፈለጋችሁ፣ ምሰሶውን በመጋዝ ሦስት ቦታ ቆራርጣችሁ ጣላችሁት።

ሦስተኛውንም በእናንተ ላይ ልጽፍ ነበር፤ እጄ አልታዘዘኝም። ከመቁረጣችሁ በፊት ደውላችሁልኛልና። ሰልፉ ረዝሞ፣ አንዲት እናት ሻንጣቸው ከመጠን በላይ ከብዶ እየተከራከሩኝ ነበር። ሠራተኛችሁ በጥድፊያ ስለ ምሰሶው አንድ ነገር አለኝ፤ "እናውርደው ወይ?" ያለኝ መሰለኝ። ድገምልኝ ማለት ነበረብኝ። ጋሼን ልጠይቃቸው ማለት ነበረብኝ። "የስ፣ የስ፣ ጎ አሄድ" ብዬ ዘጋሁበት።

ጋሼ ምንም ሳያውቁ በፈረንጆቹ በጋ ወደ ፒሬዎስ በረሩ። ከዚያ የላኩልኝ መልእክት "ሰርኬ፣ ምሰሶው የለም" ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። አቤት ስንል "ወኪልዎ ፈቅዳለች" ብላችሁ ለሳቸው ጻፋችሁ፤ ለኔም የተቀዳውን ድምፅ ላካችሁልኝ። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ሰማሁት። "እንቁረጠው" የሚለው ጥርት ብሎ ይሰማል። የኔ ጥድፊያም ይሰማል።

ጋሼ ሲመለሱ ይቅርታ ልጠይቅ ስልኬን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ድምፁን ልከፍተው ስል ከጆሯቸው የመስሚያ መሣሪያውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "ልጄ፣ እኔ ስልክ አልሰማም" አሉኝ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰዎች ስለ ጀልባዋ ሲጠይቋቸው ደግሞ "እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት፤ ረዝሞ ነበር" ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። እኒህ ሰው ቀልድ እንኳ ሲያወሩ የማይዋሹ ናቸው። ቢሰድቡኝ በቀለለኝ።

ጋሼ ግርማቸው ጀልባዋን አይተዋታል። አንድ ዓሣ አጥማጅ በገመድ ጎትቶ ወደቡ ውስጥ አንድ ጊዜ አዞራቸው፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ምሰሶው በነበረበት ቦታ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ነበር። ሸራ ሳይዘረጉ ክረምቱ ገባ፣ ጋሼ ግርማቸውም በጥር አረፉ።

ካሣ አልጠይቅዎትም። "ትእዛዝዎ በእጃችን እያለ የቆረጥነው እኛ ነን" የምትል አንዲት መስመር ለጋሼ ይጻፉላቸው። ጥፋቱን ከኔ ጋር ስለሚካፈሉኝ ውለታዎን ዕድሜ ልኬን አልረሳም።

በአንዲት "የስ" የመጋዛችሁ ተባባሪ የሆንኩት፣ ለድርጅትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለደንበኞቹ ግን ረጅም ማስተዋልን እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት፤

ሰርካዲስ ወርቅነህ
ጋሃና፣ ኦሃዮ፣ መጋቢት 2022

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በአማርኛ ጽፌ ሞርስ ሮድ ባሉ የአበሻ ሱቆች በር ላይ የለጠፍኩት እንግሊዝኛ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ጋሼን ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሰሙ ሁሉ እንዲያነቡት ነው። አስተርጓሚ መቅጠርዎ አይቀርምና፣ እባክዎ እንደ እኔ የሚቸኩል ሰው አይቅጠሩ፤ እንደ እናንተ መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅም እንዳይሆን።