አሥራ ስድስት ለቀስተኛ በአንድ ክፍል

ኅዳር 11 ቀን 1998፣ ሚዛን። ጠዋት 1፡30

አሁንም ዝናብ። ቡና ለቃሚው ከተማውን ሞልቶታል። አልጋ የለም፤ ጆንያ አንጥፎ ይተኛል። የከተማው ጤና ኮሚቴ መመሪያ ግልጽ ነው፦ በአዳር በሚከራይ ክፍል ከአራት ሰው በላይ አያድርም፤ መስኮት የሌለው ጭራሽ አይከራይም። ረቂቁን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የጤና ባለሙያ ነኝና ከሰል በተዘጋ ቤት ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ጎረቤቴ ወ/ሮ አስካለ ግን መስኮት በሌለው አንድ ክፍል አሥራ ስድስት ሰው ታሳድራለች፤ ለብርዱ ከሰል ይነድበታል። ለማን ልንገር? ላንተው ነው እንጂ፣ ደብተሬ። ከሰዓት ከኮሚቴው ጋር እሄዳለሁ።

ያው ዕለት፣ 11፡00

ጉድ ነው! በሩን ስንገፋ ወ/ሮ አስካለ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ተቀምጣለች። ከጌጫ መርዶ መጣብኝ፣ አጎቴ አረፉ አለች። ተከራዮቹ ለቀስተኛ ሆነው፣ ግድግዳ ተደግፈው አቀርቅረዋል። ሁለቱ የኮሚቴ ባልደረቦቼስ? ኮፍያቸውን አውልቀው ተቀመጡ! ንፍሮ ቀረበ፤ ዘገኑ። ለቀስተኛ አይቆጠርም ይሉኛል። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

“ጋሽ ታደሰ፣ በሐዘን ቤት ሰው ይቆጥራሉ? ደግሞ የተማሩ ሰው ነዎት!” አለችኝ። ዓይኗ ደረቅ። የሟችን ስም ብጠይቅ ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ።

ማንደጃው አጠገብ አንዲት ነፍሰ ጡር ለቃሚ ተኝታለች። ራሷን ካመማት ውሎ አድሯል። ደግፌ አወጣኋት። አሁን እኛ ቤት ናት፣ ባለቤቴ ጋ። ቀለል ብሏታል። አንድ ሌሊት ብትደግም ኖሮስ!

ኅዳር 12፣ ጠዋት

ባልደረቦቼ ሐዘን ቤት አናሽግም ብለዋል። ፈሪዎች። ቢታሸግስ? አንዱ ለቃሚ ትናንት፣ “ጋሼ፣ ዝናብ ላይ ሊያሳድሩን ነው?” ብሎኛል። የሰው ቁጥር ወሰንን፤ የተረፈው የት ይደር አላልንም። በራሴም ተናደድኩ።

6፡00

የእድራችን ዳኛ እኔ ነኝ፤ ወ/ሮ አስካለም አባል ናት። መርዶ የመጣበት አባል ድንኳን ይገባዋል፤ ሰሌንም፣ አግዳሚ ወንበርም። ደንብ ነው። ጥሩምባ ነፊውን ላክሁ፤ ሰፈሩ ተጠራ። ወ/ሮ አስካለ እየሮጠች መጣች። አያስፈልገኝም፣ አጎቴን በልቤ አለቅሳለሁ ትላለች! ሐዘንተኛ ብቻዋን አትተውም፣ እግዜር ያጥናሽ አልኳት።

የእድሩ ትርፍ ድንኳን ዛሬ ግቢዋ ይተከላል። ነፋስ ያገኛል፣ ዝናብ አይገባውም። ለቃሚዎቹ እዚያ ያድራሉ፤ በእድር ድንኳን ኪራይ የለም። ክፍሉን ራሴ እቆልፋለሁ። ወስኛለሁ፦ ለቀማው እስኪያልቅ ድንኳኑ አይነሳም፣ ሐዘኗም አይወጣም።