ከኮዱ ያጠፋኋት መስመር

ውድ መምህሬ፣

እንደምን ከረሙ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ደህና መሆንዎንማ አይቻለሁ። አሁን የሚሠሩበት የስልክ ኩባንያ አዲሱን ሕግ ያስተዋወቀ ዕለት መድረኩ ላይ ከቆሙት ሦስተኛው እርስዎ ነበሩ። ጥቁር ሹራብ ለብሰው፣ ፀጉርዎን አሳጥረው፣ እኛን ሲያስተምሩ አይቼ የማላውቀውን ፈገግታ ፈገግ ብለው። ትንሽም ወፍረዋል። ይህን የምጽፍልዎ ልወቅስዎ ነው፤ ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ።

ሕጉን ያውቁታል። ግን እኛ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚመስል እንዲሰሙት በእኔ አፍ ልድገመው። ከእንግዲህ በኩባንያው ስልክ ላይ የሚሠራ መተግበሪያ ሁሉ ከመነሻው በኩባንያው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ ተጽፎ በአንድ የፕሮግራም መሣሪያ አማካይነት ለሌሎች ስልኮችም የተዘጋጀ ከሆነ የመተግበሪያ መደብራቸው አይቀበለውም። ቀድሞ የገባውም ቢሆን የስልኩ አዲስ ሲስተም ሲመጣ አይከፈትም። ምክንያቱን ሲጠየቁ ማይክሮፎኑን የተቀበሉት እርስዎ ነበሩ፤ «ጥራት ነው» አሉ።

እንዲህ ያለውን መሣሪያ ያስተማረኝ ማን ሆነና ነው? «አንዴ»ን የሠራነው እኔና እርስዎ አይደለንም? ከክፍል በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የላቦራቶሪው ጥግ በነበረችው እግሯ በሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ። ስሙንም ያወጡት እርስዎ ነዎት፤ አንዴ ተጽፎ በሁሉም ስልክ ስለሚሠራ። «አንድ ጉድጓድ ሁለት ጊዜ አይቆፈርም፤ ውሃው ከወጣ ለጎረቤትም ይቀዳል» ይሉን ነበር። እኔም አመንኩዎት። ሃምሳ ፕሮግራመር ያለው ቢሮ ለየስልኩ ለየብቻ ቢጽፍ ምኑም አይጎድልበትም። እኛ ግን እኔና ዲዛይነር ጓደኛዬ ብቻ ነን፤ እሷ ደግሞ ኮድ አታውቅም።

መስመሯንም ያስገባናት በእርስዎ ውሳኔ ነው። በመሣሪያችን የተሠራ መተግበሪያ ሁሉ «በአንዴ ተሠራ» የምትል አንዲት መስመር ውስጡ እንድትቀመጥ አዘዙ። ለምን እንደምታስፈልግ ብጠይቅዎ «ያላፈርሽበትን ሥራ ስሙን አትደብቂ» አሉኝ። ተጠቃሚውን እንዳታስቸግር ብዬ በመተግበሪያው ምልክት ምስል ፋይል መጨረሻ ላይ፣ ማንም ዞር ብሎ በማያይበት ቦታ ሸጎጥኳት። የት እንዳለች ከእኔና ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

አባቴን አይረሱትም መቼም። የተመረቅሁ ዕለት ክራቫቱ ተጣምሞበት፣ አዳራሹን በድምፁ ሞልቶት፣ እጅዎን ጨብጦ አልለቅም ያለዎት የመኪና አሽከርካሪዎች አስተማሪ። «የእኔ ተማሪ ሲያስቸግረኝ ፍሬን እይዛለሁ፤ እርስዎ ምን ይይዛሉ?» ሲልዎ እንባዎ እስኪመጣ ሳቁ። ያ ሰውዬ ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታው። አእምሮው ሙሉ ነው፤ ሰው ይለያል፣ ጋዜጣ ያነባል፣ ሲዋሹት ያውቃል። ቃል ብቻ አይወጣለትም።

ከቁልፍ ቀራጭ ሱቅ በላይ አንዲት ክፍል ተከራይተን እኔና ዲዛይነር ጓደኛዬ ሥዕል ሲነኩት የሚናገር መተግበሪያ ሠራን። ቀኑን ሙሉ የቁልፍ መቅረጫው ማሽን ከሥር ያፏጫል፤ ድምፅ መቅረጽ የምንችለው ሰውየው ምሳ ሲወጣ ብቻ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ቃላት የሰጠችን የሆስፒታሉ የንግግር ባለሙያ ነበረች፤ ውሃ፣ ሕመም፣ ሽንት ቤት፣ አመሰግናለሁ። አባቴ አንድ ቀን ተጠቀመበትና ስልኩን አልጋው ላይ ወረወረው። ምን እንዳስቆጣው ስንመራመር ሰነበትን። ለካ ሰውየው መሳደብ አምሮት ኖሯል። ዕድሜ ልኩን ከመኪና መስኮት ሲሟገት የኖረ ሰው ውሃ ስጡኝና አመሰግናለሁ ብቻ እያለ እንዴት ይኑር? «አቦ ተወኝ»፣ «ውሸታም» እና «አንተ ደግሞ ማን ጠየቀህ» የሚሉ ሦስት ሥዕሎች ጨመርን። ባለሙያዋ ተቃውማ ነበር። በሳምንቱ ግን ራሷ ደውላ «ክፍል አራት ያሉት ሴትዮ ከእነዚህ ሌላ የለም ወይ ይላሉ» አለችን። ዛሬ አራት መቶ ያህል ሰው ይናገርበታል። ሆስፒታሉ በልገሳ ያገኛቸው ስልኮች ደግሞ አንድ ሳይቀሩ የእርስዎ ኩባንያ ስልኮች ናቸው።

ለአዲሱ ሲስተም አስተካክዬ ብልከው ማክሰኞ ዕለት ተመለሰልኝ። ሦስት መስመር ደብዳቤ ነው። በምልክቱ ምስል መጨረሻ ላይ የተከለከለው መሣሪያ አሻራ ተገኝቷል ይላል። በምስሉ መጨረሻ ላይ። ሦስት ጊዜ አነበብኩትና ስልኬን አንስቼ ደወልኩልዎ።

«እርስዎ ነዎት የነገሯቸው?» አልኩዎ።

«ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው» አሉ። «ታዲያ ልዋሽ ነበር ልጄ?»

«አባቴ እኮ በእሱ ነው የሚናገረው።»

«አባትሽ እንዴት ናቸው?» አሉኝ።

«ይኸው እየነገርኩዎ ነው እኮ።»

«በእኛ ቋንቋ እንደገና ጻፊው። አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ። ቢበዛ ስምንት ወር ቢፈጅብሽ ነው።»

«ሲስተሙ የሚመጣው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው።»

«ሕጉን እኔ ብቻዬን አላወጣሁትም» አሉና ስብሰባ እንዳለብዎ ነገሩኝ።

መምህሬ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ድሮስ ምን ይጠበቃል ብዬ እተወው ነበር። በመሣሪያችን የተሠሩ የማይረቡ መተግበሪያዎች እንዳሉ አላጣሁትም፤ ሲነኳቸው የሚያንቀላፉ አሉ። እነሱን አንድ በአንድ አይታችሁ መልሷቸው። ሥራው እያለ የተሠራበትን መዶሻ መመርመር ግን ምን የሚሉት ጥራት ነው? ዛሬ በየትኛው ቋንቋ ጻፍሽ ያለኝ ነገ በየትኛው ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ጻፍሽ ይለኛል። ስምንት ወርስ ለእርስዎ ምንድን ነው? ለአባቴ ግን የስምንት ወር ዝምታ ነው። ዝምታ ወርቅ ነው የሚለው ሲፈልግ መናገር የሚችል ሰው ነው።

ጓደኛዬ ነገሩን ስትሰማ ጊዜ አልፈጀባትም። «አጥፊያትና መልሰሽ ላኪው። አንድ መስመር እኮ ናት!» አለችኝ።

«ፎርሙ ላይ አንድ ሣጥን አለ» አልኳት። «ይህ መተግበሪያ ከመነሻው በኩባንያው ቋንቋ መጻፉን አረጋግጣለሁ ይላል።»

«እና?»

«እናማ ውሸት ነው።»

ዘጠኝ ቀን ተጨቃጨቅን። እልኸኛነቴን ከየት እንዳመጣሁት ታውቃለች፤ አንድ ጊዜ የሌላ ሰው ኮድ የራሴ ነው ብዬ ሳስረክብ እርስዎ ዜሮ ሰጥተውኝ፣ ክፍሉ ሁሉ ከወጣ በኋላ አስቀምጠው «ዜሮውን በሚቀጥለው ፈተና ታነሺዋለሽ፤ ውሸቱን ግን በምን ታነሺዋለሽ?» ያሉኝን ነግሬያት ነበር። «እሳቸው የቆረጡትን ቅርንጫፍ አንቺ ይዘሽ ተንጠልጥለሻል» አለችኝ። ሣጥኗን ግን አልነካኋትም።

በአሥረኛው ቀን ኩባንያው አዲሱን ሲስተም ለሙከራ ለቀቀው። ምን እንደሚሆን ልየው ብዬ አንድ ስልክ ላይ ጫንኩትና ወደ ቤት ይዤው ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ትቼው እጄን ልታጠብ ገባሁ። ስመለስ አባቴ የራሱ ስልክ መስሎት አንስቶታል። መተግበሪያውን ነካው፤ አልተከፈተም። ደግሞ ነካው። ጥፋቱ የጣቱ መሰለው፤ ጣቱን ሱሪው ላይ ጥርግ ጥርግ አድርጎ፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ቀስ ብሎ እንደገና ነካው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ይቅርታ የሚጠይቅ ነበር የሚመስለው።

ስልኩን ከእጁ ወስጄ የራሱን ሰጠሁት። ከዚያ ኮምፒውተሬን ከፍቼ መስመሯን አጠፋኋት። ሣጥኗንም ነካኋት። አዎ፣ ዋሸሁ። በሁለተኛው ቀን አለፈ። «የጥራት መስፈርቶቻችንን ስለጠበቁ እናመሰግናለን» የሚል መልእክት ደረሰኝ። የተለወጠው አንዲት መስመር ብቻ ነው፤ ሌላው ኮድ ነጥቡ እንኳ አልተነካም። ስለ ጥራታችሁ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ካስፈለገዎ ይንገሩኝ።

ይህን ሁሉ በገዛ እጄ ጽፌ ለምን እንደምልክልዎ ሳይገርምዎ አይቀርም። ጓደኛዬማ አብደሻል ብላኛለች። ግን ውሸቱን ብቻዬን ተሸክሜው አልዞርም። እስካሁን ማንም ቢጠይቅዎ አላውቅም ማለት ይችሉ ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ አይችሉም። አንድ ቀን የኩባንያው ሰዎች ያን የንግግር መተግበሪያ አንስተው በምን እንደተሠራ ይጠይቁዎታል። እርስዎም ያውቃሉ። ለእኔ ሲሉ ይዋሹልኝ አልልም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከእርስዎ አልተማርኩም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። መልስ ከመስጠትዎ በፊት አባቴ ጋ ይደውሉ። ቁጥሩ ያው የድሮው ነው፤ ራሱ ያነሳዋል። ቃሉን ከሥዕሎቹ መካከል ፈልጎ እስኪያገኝ ጊዜ ስለሚወስድበት ስልኩን ቶሎ አይዝጉበት። የሚለውን ብሎ ይጨርስ። ከዚያ በኋላ ለኩባንያዎ የፈለጉትን ይንገሩ።

እስካሁንም መምህሬ የምትልዎ፣
ተማሪዎ