ያሳነስኩት ፊደል

ረቡዕ፣ ሰኔ 10

ዛሬም ሦስት ስህተት። አቶ ጌታቸው፣ ኃላፊያችን፣ ደብዳቤዎቹን፣ ስህተቱን በቀይ ከበው፣ አመጡና ጋሽ ይማም ጠረጴዛ ላይ አኖሯቸው። «ጋሽ ይማም፣ ምን ነካዎት? እንዲህ አልነበሩም እኮ» አሏቸው። ጋሽ ይማም መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

ጋሽ ይማም የግብርና መሥሪያ ቤታችን ጸሐፊ ናቸው። እኔ ሳልወለድ በጽሕፈት መኪና ጀምረው፣ ይኸው እስከ ኮምፒውተር ደርሰዋል። ጣታቸውን አያዩም። ወሬ እያወሩ፣ ሰላምታ እየመለሱ ይጽፋሉ። መርሳ ላይ እንደሳቸው የሚፈጥን የለም ይባላል። ይባል ነበር ማለት ሳይሻል አይቀርም።

እኔ የኮምፒውተር ምሩቅ፣ የሦስት ወር ኮንትራት ነኝ። ሐምሌ ሲያልቅ አልቃለሁ። ግንቦት አጋማሽ ላይ አዲሱ ኮምፒውተር ሲመጣ ካርቶኑን የከፈትኩት፣ ገመዱን የሰካሁት፣ ፕሮግራሞቹን ከአሮጌው ያዛወርኩት እኔ ነኝ። ስክሪኑ ሰፊ፣ ጥርት ያለ። አቶ ጌታቸው በሰው ፊት «ምሩቅ ማለት ይህ ነው!» አሉኝ። ሦስት ቀን እግሬ መሬት አልነካም።

ዛሬ ልወጣ ስል ጠሩኝ። «ሰሚራ፣ አማርኛ ቶሎ ትጽፊያለሽ?» እጽፋለሁ አልኩ። «እሺ። ሐምሌ ላይ አንድ ነገር እናስባለን።»

ስወጣ የጋሽ ይማምን ወንበር አየሁት። መደገፊያው ላይ ያስተኟት ቀጭን ትራስ አለች። እዚህ ላይ እንኳ እውነቱን ልጻፍ፦ ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 11

አፌ። ይሄ አፌ።

ጋሽ ይማም ጠዋት ስክሪኑ ላይ ተደፍተው ነበር፤ አፍንጫቸው ሊነካው። እኔ ደግሞ ሻይ ይዤ ሳልፍ፣ «ጋሽ ይማም፣ ሊያነቡት ነው ሊያሸቱት?» አልኩ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ሻይዋ ትን አላት።

እሳቸውም ሳቁ። «በጠረኑ ነው እምለየው፤ ስህተት ይሸታል» አሉ። ግን ጆሯቸው ቀላ። ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ወደ ስክሪኑ አልተጠጉም። ተጠግተው ያዩ የነበሩትን ሳያዩ ጻፉት ማለት ነው። ይህን ያሰብኩት አሁን ስጽፈው ነው።

ዓርብ፣ ሰኔ 12

ወንዶቹ ለጁምዓ ሄዱ፣ ሌሎቹ ለምሳ ወጡ። ቢሮው ባዶ ሆነ። እኔ የጋሽ ይማም ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ለሥራ አይደለም። ልሞክረው ብዬ። አዎ፣ ለዚያ ነው የተቀመጥኩት።

ትራሷ ላይ ተደገፍኩ፣ እጄን ዘረጋሁ፣ ወደ ስክሪኑ አየሁ። ደብዳቤ ተከፍቷል። አልተነበበኝም! የሃያ ሦስት ዓመት ዓይን ይዤ። ፊደሎቹ የጤፍ ፍሬ ያክላሉ። «ቢ» ይሁን «ቤ»፣ 5 ይሁን 8 አይለይም፤ እግራቸው ጠፍቷል። ተጠጋሁ፣ ተነበበኝ። ተመለስኩ፣ ጠፋ።

ከዚያ ትዝ አለኝ። ኮምፒውተሩ የመጣ ዕለት ራሱ የፊደሉን መጠን መቶ ሃምሳ ፐርሰንት ላይ አድርጎት ነበር። ከጎኑም ይሄ ይመከራል ይላል። እኔ ወደ መቶ አወረድኩት። ላፕቶፔ ላይ እንዲያ ስለማደርግ። «እንዲህ ሲሆን ብዙ ይይዛል፤ ሜዳ ነው» ብዬ ለአቶ ጌታቸው አሳየኋቸው። ጋሽ ይማም ከኋላ ቆመው ነበር። አንድ ቃል አልጠየቅኋቸውም። ወንበሩ የማን ነው? የሳቸው።

ወዲያው ወደ መቶ ሃምሳ መለስኩት። ሁሉም ነገር አደገ፣ ከደብዳቤው ፕሮግራም በቀር። እሱ የድሮ ነው፣ ከአሮጌው ያዛወርኩት፤ እዚያው ጤፍ እንደሆነ ቀረ። ጭራሽ የማተሚያው ቁልፍ ከስክሪኑ ውጭ ወጣ። ሌላ ነካካሁ፣ ባሰ። የእግር ኮቴ ስሰማ ሁሉንም ወደነበረበት መለስኩና ተነሳሁ።

ጋሽ ይማም ነበሩ። «ወንበሩ ተመቸሽ?» አሉኝ ፈገግ ብለው። ወረቀት ስፈልግ ነው አልኩ።

ወረቀት!

ቅዳሜ፣ ሰኔ 13

ወልድያ ደርሼ መጣሁ። አብሮኝ የተማረው ቢንያም እዚያ ኮምፒውተር ይጠግናል። ሚኒባሱ ሲሪንቃ ላይ ሰው ሲያወርድ ሲጭን ግማሽ ሰዓት ገተረን፤ እኔ ምን ብዬ እንደምጠይቀው አስብ ነበር። ባለዲግሪ ሆኖ ፊደል አላድግ አለኝ ማለት!

«ሰሚ! ሹም ሆነሽ ጠፋሽ አይደል?» አለኝ በጠባቧ ሱቅ ውስጥ፣ አፉ ላይ ብሎን ይዞ። ለአንድ ጸሐፊ ነው ብዬ ነገርኩት። ከት ብሎ ሳቀ። ፕሮግራሙ ሽማግሌ ነው አለኝ፤ በሱ ዘመን እንዲህ ያለ ስክሪን ስላልነበረ ራሱን ማሳደግ አያውቅም። ምልክቱ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ፤ እዚያ ውስጥ ማሳደጉን ከፕሮግራሙ ወስዶ ለዊንዶውስ መስጠት። ዘግቶ መክፈት። አለቀ። ሦስቴ አስደገመኝ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

«ለመሆኑ መቶ ላይ ያወረደው ጀግና ማነው?»

«አንድ ሰውዬ» አልኩ።

«ከጸሐፊው ጋር ጠብ አላቸው?»

ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። መርሳን አልፌ ቤቴ ውርጌሳ እስክደርስ «አንድ ሰውዬ» ያልኩትን ለራሴ ስደጋግመው ነበር።

እሑድ፣ ሰኔ 14

አባቴ ለጎረቤት ሁሉ ነግሯል። «ልጄ ቋሚ ልትሆን ነው፣ ኃላፊው በአፉ ነግሯታል።» ኃላፊው ያሉት «አንድ ነገር እናስባለን» ነው። እናቴ «ኢንሻአላህ በል እንጂ፣ ሰውዬ» ትለዋለች። እሱ ኢንሻአላህ ይልና ከዚያ ደግሞ ቢሮውን ጠቅልሎ ይሰጠኛል።

የነገ ዕቅድ፦
በማለዳ መሄድ።
ማንም ሳይገባ ማስተካከል።
ምንም አለመናገር።

ሦስተኛዋን ሁለቴ አሰመርኩባት። ከተስተካከለ በቃ አይደል? ማን ምን አጣ?

ሰኞ፣ ሰኔ 15

ከውርጌሳ መኪና አጣሁ። ሦስት ሰዓት ገደማ ስደርስ በሩ ላይ አህዮች ቆመዋል። ባዶ ጆንያ የታጠፈባቸው አህዮች። ሠላሳ የሚሆን ገበሬ አጥሩን ተደግፎ ተቀምጧል።

የጤፍ ምርጥ ዘር ሊወስዱ መጡ። ዘሩ የሚታደለው ሰኔ 18 ነው። ለቀበሌያቸው የተላከው ደብዳቤ ግን 15 ይላል። አቶ ጌታቸው ረቂቁን አወጡ፦ በእጃቸው የተጻፈው 18። ደብዳቤውን አወጡ፦ 15። በዚያ ስክሪን ላይ አምስትና ስምንት አንድ ናቸው። ዓርብ ለት በዓይኔ ያየሁት ነው።

ሀዋ የሚባሉ ሴትዮ ጆንያቸውን እያራገፉ፣ «ዘሩ ከሌለ ታዲያ ደብዳቤውን ነው እምንዘራው?» አሉ። ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን የንዴት ነው። ገና ሳይነጋ ነው ከቤታቸው የወጡት። የእርሻ ቀን ነው የተቃጠለባቸው። አንዱ በሬ ተውሶ ለዛሬ ተራ ደርሶት ትቶት መጥቷል።

አቶ ጌታቸው ጋሽ ይማምን በሰው ፊት ተቆጧቸው። ጋሽ ይማም ሰሙ። ሲጨርሱላቸው በሩን ከፍተው ወደ ገበሬዎቹ ወጡ፣ ቆባቸውን አወለቁ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። እጄ ነው የሳተው። ስለ አላህ ብላችሁ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።»

ሙሄ የሚባሉ አዛውንት በትራቸውን አጋድመው፣ «አውፍ ብለናል፣ ይማም። እጅ ይስታል» አሉ። ሌሎቹም ተራ በተራ አውፍ አሉ። ሀዋ እንኳ። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉላቸው። «አላህ ዓይንዎን ያኑርልዎ» አሏቸው።

እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ። ያ ሁሉ አውፍታ የኔ ነበር። እሳቸው ወጥተው ለመኑልኝ፣ ለማን እንደሚለምኑ እንኳ ሳያውቁ። እግሬ መውጣት አቃተው። አቃተው ይላል ሰው! አላወጣሁትም።

ከምሳ በኋላ አቶ ጌታቸው ወሰኑ። «ነገ ቁልፉን ለሰሚራ ያስረክቡ። መዝገብ ቤት ይሻልዎታል።»

ጋሽ ይማም «እሺ» አሉ። አንድ እሺ ብቻ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 16

የርክክብ ዝርዝር አዘጋጅተው ጠበቁኝ፣ በእጅ ጽሑፍ፣ የተዋበ። የመሳቢያ ቁልፍ፣ ወረቀት፣ የማተሚያ ቀለም። መጨረሻ ላይ ቀና ብለው፣ «ትራሷ የግሌ ናት። ካልጠላሻት ግን ትቅርልሽ፤ ወገብ ታሳርፋለች» አሉኝ።

ከዚህ በኋላ መቆም አልቻልኩም። «ጋሽ ይማም፣ አንዴ ይቀመጡ» አልኳቸው። «የት?» «ወንበርዎ ላይ።» ደብተሬን አውጥቼ መጠኑን ወደ መቶ ሃምሳ መለስኩ፣ ከዚያ የቢንያምን አንድ በአንድ አደረግሁ። አንዱን ስቼ ደገምኩት። ፕሮግራሙን ዘግቼ ከፈትኩት።

ፊደሎቹ ባቄላ ባቄላ አክለው መጡ። ጠርዛቸው ትንሽ ደብዘዝ ይላል፣ ግን እግራቸው፣ ቀለበታቸው፣ ሁሉ አለ።

ጋሽ ይማም ትራሷ ላይ እንደተደገፉ አዩት። «ወረቀት አይጨርስም እንዲህ ሲሆን?» አሉ። ወረቀቱ ላይ ያው ነው፣ ለዓይን ብቻ ነው አልኩ። ከዚያ የዘሩን ደብዳቤ ከፍተው ድምፃቸውን አውጥተው አነበቡ። «...ሰኔ አስራ... አምስት።» አቆሙ። ጣታቸውን ቁጥሩ ላይ አሳረፉ።

ነገርኳቸው። ሁሉንም። መቶ ላይ ያወረድኩት እኔ ነኝ፣ ዓርብ ለት አውቄያለሁ፣ ትናንት ከበሩ ጀርባ ነበርኩ።

ጣታቸውን ከቁጥሩ ላይ አነሱ። «እኔኮ ዓይኔ ሊጠፋ ነው ብዬ» አሉ። «ቤት እንኳ አልተናገርኩ። ልጆቼ ተቀመጥ ይሉኛል ብዬ።»

«ለምን አልጠየቁኝም?»

«አንቺ የተማርሽ ነሽ። እንዲህ ነው ካልሽ እንዲህ ነው ብዬ ነዋ።»

ከስድብ ሁሉ ይቺ ባሰችብኝ።

ቀጥለው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለኃላፊው እንዳልናገር ለመኑኝ። እኔ ልጅ ነኝ፣ ስሜ ገና ነው፤ እሳቸው ጡረታቸው ደርሷል፣ መዝገብ ቤትም ሥራ ነው። «እኔ አውፍ ብዬሻለሁ። በቃ፣ እዚሁ ይቅር።»

«እሺ» አልኳቸው። ደግሞ ቀለል አለኝ። ምሳ በላሁ፣ ጣመኝ። ጣመኝ!

ረቡዕ፣ ሰኔ 17

ተናገርኩ።

ማለዳ መኪና ውስጥ አሥር ጊዜ አጥንቼው ነበር፤ አቶ ጌታቸው ፊት ስቆም ግማሹ ጠፋኝ። «ቁጥሩን ያሳሳተው ስክሪኑ ነው፣ ስክሪኑን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብዬ ጀመርኩ፣ እሳቸው ስክሪኑ ተሰበረ መሰላቸው። ተነስተው መጡ። ባለፈው እንዳደረግሁት አሳነስኩት። «ከወንበሩ ላይ ሆነው ያንብቡት» አልኳቸው። አቶ ጌታቸው ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን አጠበቡ፣ አንገታቸውን አሰገጉ። አሳደግሁት። ተመለሱ።

«አንድ ወር ሙሉ በዚህ ነው የጻፉት?» አሉ ወደ ጋሽ ይማም ዞረው። ጋሽ ይማም መሬት መሬት ያያሉ፤ የተጋለጥኩት እኔ፣ ያፈሩት እሳቸው።

ከዚያ ወደኔ። «ይሄን ለማወቅ አራት ዓመት ተማርሽ?» ሒሳብ ሠራተኛዋ አቀረቀረች። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ይማም ወንበራቸው ላይ ቀሩ። ስለኔ ምንም አልተባለም። «የአንቺን እናያለን» ብቻ። አባቴ ማታ እንዴት ዋልሽ ሲለኝ ደህና አልኩት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 18

ዘሩ መጣ። አህዮቹም።

አቶ ጌታቸው ስም የመጥራቱን ሥራ ለኔ ሰጡኝ፤ ቅጣት ይሁን እምነት አላውቅም። መዝገቡን ከመክፈቴ በፊት ገበሬዎቹ ፊት ቆምኩ። ሰኞ ጋሽ ይማም የለመኗችሁ በኔ ጥፋት ነው አልኩ። ስለ ስክሪኑ ላስረዳ ጀምሬ ተውኩት። «እኔ ነኝ ያሳሳትኳቸው። አውፍ በሉኝ።» ድምፄ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጥኖ ወጣ።

ሀዋ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንቺ ነሽ እኔንም አህያዬንም የጠራሽን?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«አህያዬን ለብቻዋ ለምኛት። እኔ ዳገቱን እያረፍኩ ነው የወጣሁት፣ እሷ ናት የለፋች።» ሰው ሁሉ ሳቀ፤ የዛሬው ሳቅ የንዴት አልነበረም። ሙሄ ግን አልሳቁም። በትራቸውን ተደግፈው ትንሽ አሰቡና፣ «አውፍታውን ሰኞ ለይማም ሰጥተነዋል። አንድ ጊዜ የወጣ ነው፣ ሁለት አናወጣም። ሂጂና ከሱ ውሰጂ» አሉኝ። ከዚያ «በይ ስም ጥሪ፣ ፀሐይ ሳይጠና።»

እስከ ስምንት ሰዓት ስም ጠራሁ። የሀዋን ጆንያ ራሴ ጫንኩ። አህያዋ ረገጠችኝ፤ ቁርጭምጭሚቴ አብጧል። ተወራርደናል።

ሲያልቅ መዝገቡን ልመልስ ገባሁ። አቶ ጌታቸው በጋሽ ይማም ጆሮ አንድ ነገር አንሾካሾኩና ወጡ። ጋሽ ይማም ትራሳቸው ላይ ደገፍ ብለው መጻፍ ጀመሩ፣ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ። እኔ ገና በሩ ላይ ነኝ። ከበሩ ድረስ ይነበባል፦

«ጉዳዩ፦ ወ/ሪት ሰሚራን ይመለከታል»

ቆምኩ። ሁለተኛው መስመር መምጣት ሲጀምር ጋሽ ይማም ሳይዞሩ ትከሻቸውን ወደ ግራ አዘነበሉና ስክሪኑን ጋረዱት።

«ያልተፈረመ ደብዳቤ አይነበብም፣ ልጄ» አሉ። «ያሳደግሽው አንቺ ነሽ፤ አሁን ተሰቃዪ።»

ጣቶቻቸው አላቆሙም። መዝገቡን አኑሬ፣ ልቀጠር ልባረር ሳላውቅ ወጣሁ። ነገ ጁምዓ ነው፤ ከጁምዓ በፊት ካልተፈረመ እስከ ሰኞ መጠበቅ ነው።