ሳሚ የመረጠልኝ ካርድ

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ። ጠዋት 3፡20

የኮምፒውተሬን ኬዝ ከፍቼ አቧራ እየጠረግኩ ነው። በወር አንዴ የማደርገው። አያት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ይሄ ሁሉ አቧራ ከየት እንደሚመጣ እግዜር ይወቀው። የጌሙን ምስል የሚያወጣው የግራፊክስ ካርድ ፋኑ አልዞር ብሎኝ ነበር። በብሩሽ ነካ ሳደርገው በረሮ። የደረቀች። ክንፏ ፋኑ ላይ ተጣብቋል። በወረንጦ አወጣኋት። እጄን ሦስቴ ታጠብኩ፤ አሁንም ይሸተኛል።

ካርዱ ስድስት ዓመቱ። ከነካርቶኑ ነበር የገዛሁት። ደክሟል። አዲሱን ጌም ጭራሽ አልከፍትም አለ። የፊታችን ሐሙስ ሁላችንም ወደ አዲሱ እንሻገራለን ተባብለናል፦ እኔ፣ ሳሚ፣ ነቢልና ፌቨን። ተማሪ ሳለን መገናኛ አንድ ጌም ቤት ውስጥ የተዋወቅን አራት ሰዎች። አሁን ሁላችንም ሥራ አለን። እኔ ሠላሳ ሦስት ሞልቶኛል። እህቴ ጌም ስል ስትሰማ ፊቷን ታጨማድዳለች። ታጨማድድ። በሳምንት አንድ ቀን ከልቤ የምስቀው እዚያ ነው።

ልቀይረው? ወይስ ልተወው? ደብተሬ፣ አንተ ምን ትላለህ?

እዚያው ቀን፣ 10፡00

መገናኛ ደርሼ መጣሁ። አንዱ ሞል፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሻጩ ለባለቤትሽ ነው ለወንድምሽ? አለኝ። ለራሴ አልኩት። ሳቀና ሮዝ መብራት ያለው ኪቦርድ አወጣልኝ። ጥዬው ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጥፍሩን በጥርሱ እየቆረጠ እግሬ ሥር ይተፋል። ምን ዓይነት ቀን ነው።

ኅዳር 8፣ ሰኞ። ምሳ ሰዓት

ሳሚ ደወለ። ጉርድ ሾላ ያገለገለ ኮምፒውተርና ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ካርድ አግኝቶልኛል። ንጹሕ፣ ከዲዛይን ቢሮ የወጣ። ረቡዕ ነይና ውሰጂ አለ። ደስ አለኝ። ከዚህ በኋላ ምን አስጨነቀኝ? ሳሚ ካለ አለቀ። አሥራ አራት ዓመት የማውቀው ልጅ።

ሌላ። ጋሽ ከድር ደረጃ ላይ አቆሙኝ። ምድር ቤቱ የሚኖሩት ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶብስ ሹፌር። ልጃቸው ሀያት አኒሜሽን ትማራለች። የመመረቂያ ሥራዋን ኮምፒውተሯ አልችል ብሏት፣ ባለፈው ሳምንት ካርድ የት ይገዛል ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ሳሚ ጋ ላክኋቸው። ራሔል ልካኝ ነው ይበሉት አልኳቸው። ትናንት ገዝተው ገጥማዋለች። መረቁኝ። ረጅም ምርቃት። ሥራ አረፈድኩ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ። 8፡15

ከሳሚ ሱቅ መጣሁ። 

ስደርስ ባንኮኒው ላይ ማንም የለም። ከጀርባ ይሆናል ብዬ መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ፤ ሁሌም እንደምገባው። ልብስ ማጠቢያ ሳፋ። ሳፋው ውስጥ ካርድ፣ ካርድ፣ ካርድ፤ እንዳደረ ሳህን ተደራርቦ። ውሃው ጥቁር፣ ላዩ ቅባት። የጥርስ ብሩሽ። የጥቁር ቀለም ስፕሬይ። አንድ ጥቅል አዲስ የዋስትና ስቲከር። ሽታው የተቃጠለ ፕላስቲክና ነጭ ጋዝ። ገና ያልታጠቡት ጥግ ላይ በጆንያ ቆመዋል። መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሌት ተቀን ክሪፕቶ፣ ያንን የኮምፒውተር ገንዘብ፣ ሲቆፍሩ ከርመው የተጣሉ ናቸው። አልቆላቸዋል። ቀለም ተቀብተው ከዲዛይን ቢሮ ወጡ ይባላሉ።

ሳሚ ምሳውን በፌስታል ይዞ ገባ። ያፍራል ብዬ ጠበቅኩ። አላፈረም።

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚሸጠው፣ ራሒ። ምነው ጂን ያየሽ መሰልሽ?»

የጋሽ ከድርም ከዚህ ነው? አልኩት። ምሳውን መክፈት ጀመረ።

«ይሠራል እኮ። እስኪሞት ይሠራል። ያንቺ ግን ከዚህ አይደለም፤ ላንቺ እንዲህ አላደርግም።»

ከመሳቢያ አወጣልኝ። እውነቱን ነው። ገለባበጥኩት። ንጹሕ፣ ብሎኑ ያልተነካ።

ደብተሬ፣ አሁን የምጽፍልህን ለማንም አልናገርም። ካርዱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። አመሰግናለሁ አልኩት። አመሰግናለሁ!

ኅዳር 12፣ ዓርብ። ጠዋት 2፡00

ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻውን አውጥቶ እያቃጠለ ነው። ዳይፐር፣ ጫማ፣ የበሰበሰ ፍራሽ። መስኮት ብዘጋም ይገባል። ከበረንዳዬ እንጦጦ አይታይም።

ትናንት ካርዱን ገጠምኩት። ጌሙ ተከፈተ። ውኃው ላይ የፀሐዩ ነጸብራቅ! ነቢል እንደ ልጅ ጮኸ። ፌቨን ገደል ገብታ ሞተች፤ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ከሳሚ ጋርም ሳቅኩ። ከረቡዕ እስከ ሐሙስ አንድ ቀን ብቻ። ለመርሳት ያን ያህል በቃኝ።

6፡40

ጋሽ ከድር በር ላይ ጠበቁኝ። የሀያት ስክሪን አረንጓዴና ቀይ መስመር ያወጣል፤ እስቲ እይልን አሉ። ገባሁ። ሀያት ዓይኗ ቀልቷል። የሁለት ቀን ሥራዋ ከኮምፒውተሩ መጥፋት ጋር አብሮ ጠፍቷል። ማስረከቢያዋ የፊታችን ዓርብ ነው። ካርዱን ነቅዬ ሽፋኑን ከፈትኩ። ብሎኖቹ ዝገዋል። ከቀለሙ ሥር ሌላ ቀለም። ከዚያ ሥር ዝገት። ሽታው ያው የሳፋው ሽታ።

እሷ አፍ አፌን ታያለች። አባቷም።

ድራይቨሩ ሊሆን ይችላል፣ ይዤው ልሂድና ላሳየው አልኩ። ድራይቨር። በዚህ አፌ። ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር ማለቴ ነው፤ ጋሽ ከድር ግን ሹፌር መስሏቸው ፈገግ አሉ። ካርዱን ይዤ ደረጃውን ወጣሁ።  

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ። 7፡30

ጉርድ ሾላ፣ እንደገና። የሞተውን ካርድ ሳሚ ባንኮኒ ላይ አስቀመጥኩ። መልስላቸው አልኩት። ዋስትናው ሦስት ቀን ነው፣ አልፏል አለኝ። ለእኔ! ደንበኛ እንደሚያናግር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«መብራት ሲሄድ ሲመጣ አቃጠለው በያቸው። አንቺን ያምኑሻል።»

አንቺን ያምኑሻል። ይሄ ነው የሸጠው። ካርዱን አይደለም፣ እኔን።

ጮህኩበት። ምን እንዳልኩ በደንብ አላስታውስም። ሁለት ደንበኞች ወጡ። ሳሚ በመጨረሻ እንዲህ አለ፦ «ረቡዕ ሳፋውን አይተሽ ካርድሽን ይዘሽ ስትወጪ ይሄ ንዴት የት ነበር?»

 በእግሬ እስከ መገናኛ ሄድኩ። ምራቄ መረረኝ።

ኅዳር 14፣ እሑድ። 4፡00

አሁኑኑ ልጻፈው፣ ነገ አሳምሬ እንዳልጽፈው።

ሳሚ የመረጠልኝን ካርድ ነቀልኩ። የድሮውን መለስኩ። አዲሱን በጨርቅ ጠቅልዬ ወረድኩ። ጋሽ ከድር በር ከፈቱ። እዚያው ቆሜ ነገርኳቸው። ሳፋውን፣ ቀለሙን፣ ስቲከሩን። ይሄኛው ደህና ነው፣ ሀያት ሥራዋን ትጨርስበት አልኩ።

የጠቀለልኩትን ሳይነኩ ጠየቁኝ፦

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

ረቡዕ።

«ዓርብ እዚህ ስትገቢ ታውቂ ነበር?»

አውቅ ነበር።

ካርዱን ተቀበሉኝ። ለልጃቸው ሲሉ። ለመቀበል ግን እጃቸው እንዴት እንደዘገየ አይቻለሁ።

«እናመሰግናለን። ይሂዱ እንግዲህ።»

እርስዎ አሉኝ። ልጃቸው ልሆን የምችለውን። በሩን በቀስታ ዘጉት። ቢያጋጩት ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 15፣ ሰኞ። ምሳ ሰዓት

ለአራታችን ግሩፕ ጻፍኩ። ያየሁትን ብቻ፣ ያለ ስድብ። ነቢል ለወንድሙ ባለፈው ዓመት ከሳሚ ካርድ ገዝቶ ነበር፤ በሦስት ወሩ ተቃጥሏል። አሁን ገባው። ከግሩፑ ወጣ። ፌቨን ተቆጣችኝ፤ ለሳሚ ለብቻው አትነግሪውም ነበር ወይ፣ ወንድማችን አይደለም ወይ አለች። ሳሚ፣ ራሒ ምርጡን ከወሰደች በኋላ ነው ሕሊና የወጣላት ብሎ ጻፈ።

ሁሉም ትክክል ናቸው። ሳሚም ጭምር። ይሄ ነው አፌ ውስጥ የሚንገዋለለው። የድሮው ካርድ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። አብሮኝ የሚጫወት ሰው ግን የለም። ቢኖርም ጌም አልከፍትም። ቢያንስ ለጊዜው።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ። ማታ 3፡00

ጋሽ ከድር በራቸውን ከፍተው መምጣቴን ሲጠብቁ ነበር። እንዴት ዋልሽ የለም፣ እንዴት ዋሉ የለም። ሀያት እየሠራች ነው፣ ካርዱ ይዟል አሉ። ለዓርብ ሳትደርስ አትቀርም። ከዚያ ወደ ጉዳያቸው ገቡ። ነገ ጠዋት ሳሚን ወረዳ ሊከሱት ነው። የእሳቸው ልጅ ሌላ ካርድ ብታገኝም ነገ የሌላ ሰው ልጅ ትገዛለች አሉ። ሳሚም ይጠራል። ያየውን የሚናገር ሰው ያስፈልጋል።

ልጠይቅዎት አላሉኝም። 

እመጣለሁ አልኩ።

ከመ/ቤት ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ወረዳ የምንገናኘው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እንደምሄድ ለግሩፑ ጽፌ ነበር፤ ፌቨን አይታ ደወለች፤ ከሄድሽ በቃ፣ እኔና አንቺም አለቀልን አለች። እሺ አልኳት። 

ነገ ሳሚ ፊት የምናገረው ሁለት ነገር ነው። አንዱ፦ ሳፋውን አይቻለሁ። ሌላው፦ አይቼ፣ ዝም ብዬ፣ ለእኔ የተመረጠውን ተቀብዬ ወጥቻለሁ። ከዚያ ጀምሮ በአፌ ሳጠናቸው ነበር። ሁልጊዜ በመጀመሪያው ጀምሬ ሁለተኛው ላይ ስደርስ አሳጥራለሁ፣ እውጣለሁ፣ አልፈዋለሁ።

ነገ ከሁለተኛው እጀምራለሁ።