ወላጅ ሳታመጪ አትገቢም

ሰኞ

እህቴን ረሕማን ዛሬም ከትምህርት ቤት በር መለሷት። ፋብሪካ ገብቼ ማሽኔን ገና እንዳስነሣሁ በዘበኛው ስልክ ደወለችልኝ። «እቴቴ፣ አላስገባ አሉኝ፤ ወላጅ አምጪ አሉኝ» ብላ ዘጋችው። ስፌት ክፍል በሥራ ሰዓት ስልክ ማንሣት ክልክል ነው። አለቃችን ብርቱካን አይታኝ ዓይኗን አጉረጠረጠችብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት እህቴን ወባ ጣላት። ትንቀጠቀጣለች፣ ያስመልሳታል፣ ትቃዣለች። ከአልጋ መነሣት አልቻለችም፤ ቀረች። ስትድን የጤና ጣቢያውን ወረቀት ይዛ ሄደች። ወረቀቱን ዞር ብሎ ያየው የለም። የቀረ ልጅ ያለ ወላጅ አይገባም፣ ሕግ ነው። ከበር የተመለሰችበት ቀን ደግሞ «ቀሪ» ተብሎ ይሞላል። ቀርተሻል ብለው አላስገቧትም፣ አልገባሽም ብለው ቀሪ አሏት። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ያን ቀን ምን በልቶ እንደዋለ እንጃ።

ከሥራ ስወጣ በባጃጅ በረርሁ። ምክትል ርዕሰ መምህሩን ቢሯቸውን ሊቆልፉ ሲሉ ደረስሁባቸው።

«የማሳድጋት እኔ ነኝ፣ ታላቅ እህቷ» አልኋቸው።

«እህት ወላጅ አይደለችም።»

«በመስከረም ያስመዘገብኋት እኔ ነኝ እኮ!»

«ያ ሌላ፣ ይህ ሌላ» አሉኝ። አምና ልጆቹ መንገደኛ እየለመኑ አባቴ ነው፣ አጎቴ ነው እያሉ ተጫውተውባቸዋል። ዘንድሮ አባት ወይ እናት በአካል ካልመጣ ወይ ፍንክች። የቀረችበት ቀን ከተፈቀደው ካለፈ ስሟ ይሰረዛል። ስሙ የተሰረዘ ሚኒስትሪ አይፈተንም፤ የተፈታኞች ምዝገባ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ይዘጋል።

እናታችን ከሞተች ቆየች። አባባ ከሐይቁ ማዶ ደልጊ ነው፣ ጀልባ ይሠራል። ረሕማን ወደ እኔ የላካት እዚያ ትምህርት ቤቱ ስለተዘጋ ነው። ያለ ትምህርት፣ ቤት ውስጥ ስትቀመጥ ከረመች። አሁን ከስምንተኛ ክፍል ከተባረረች ይድራታል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ልጅቷን ሌላ ምን ያድርጋት? ጠያቂው እንደሆነ ከአምና ጀምሮ ሽማግሌ እየላከ ነው። ረሕማ ይህን ታውቃለች። ለዚህ ነው በስልክ ድምፅዋ የፈራ የመሰለኝ።

ማክሰኞ

አባባን ከስንት ሙከራ በኋላ በስልክ አገኘሁት። የመኪናው መንገድ እንደተዘጋ ነው። ጀልባም ቢሆን «ሲፈቀድ ብቻ ነው የሚነሣ» አለኝ። መቼ ትመጣለህ? «እንደተነሣ፣ ኢንሻአላህ።» ከዚህ በላይ ምን ይበል።

ረሕማ ዛሬ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ግቢ ውስጥ ተቀምጣ ዋለች። አውልቂው ብላት እምቢ አለች።

«ሁሉም እኮ ሰው ለምኖ ነው የሚገባው» አለችኝ። ተቆጣኋት። ውሸት አስተምሬሻለሁ ወይ አልኋት። ራት ሳይቀርብ ቁጣዬ በረደ፣ ማሰብ ጀመርሁ።

ጋሽ ሞላ የግቢያችን ሰው ናቸው፣ ወደቡ ላይ ጥበቃ ይሠራሉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለእሳቸው ነው። ረሕማን ያተኮሳት ቀን ተሸክመው ጤና ጣቢያ ያደረሷት እሳቸው ናቸው። ሄጄ ነገርኋቸው። አባቷ ሆነው እንዲቀርቡልን ለመንኋቸው።

«ውሸት ነው እኮ፣ ልጄ» አሉ።

«ነው፣ ጋሼ።»

«በይ እንግዲህ። ለልጅቷ ብዬ ነው።»

አስጠናናቸው። ስም ሰይድ፣ ሥራ ጀልባ መሥራት፣ አገር ደልጊ። ልጅቷ ስምንተኛ ቢ። የተወለደችበት ቀን፣ ወሩ፣ ዓመተ ምሕረቱ። ሕመሟ ወባ። ሁለቴ ሳንነግራቸው ያዙት። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አሉ። ረሕማ «ሲናገሩ ወላሂ ይበሉ፣ አባባ እንደሱ ነው» ስትላቸው «ያንንስ አልልም፣ የሰው መሐላ አይማልም» አሉ። ሳቅን። ወባው ከገባብን ወዲህ ሳቃችን ይህ ነው።

ረቡዕ



ብርቱካንን አሞኛል ብያት ለጠዋት ተፈቀደልኝ። «መጨረሻሽ ነው» ብላኛለች። ጋሽ ሞላ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጫማቸውን ቦርሸው ወጡ። አባት መሰሉ። ቢሮው ውስጥ የተጠየቁትን ሁሉ ፉት አሉት። ክፍሏን፣ የተወለደችበትን ቀን፣ ሕመሟን። ምክትሉ ደስ አላቸው። «ስንቱ ወላጅ ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች አያውቅም፤ እርስዎስ የተባረኩ አባት ነዎት» ብለው እስክሪብቶ ሰጧቸው። ጋሽ ሞላ ሊፈርሙ ጎንበስ ሲሉ ጋቢው ተንሸራተተ።

ማተባቸው።

ስሙን አስጠናን፣ ሥራውን አስጠናን፤ ሁለታችንም አንገታቸውን አላየንም። በየቀኑ የምናያቸው ሰው ናቸው፤ ማተባቸው እንደ ጆሯቸው ሆኖብናል።

«አቶ ሰይድ፣ አንገትዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አሉ ምክትሉ።

የመድኃኒት ክር ነው ቢሉ ምናልባት ያልፍ ነበር። ጋሽ ሞላ ቀና አሉ። «ማተቤ ነው» አሉ። «እሱንስ አልክድም።»

ምክትሉ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። እኔን አይተው «አንቺ እንኳ ቁም ነገረኛ ትመስይኝ ነበር» አሉኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበር። ጉዳዩ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ተላለፈ። ሰኞ ጠዋት እውነተኛው አባት ይቅረብ፣ ያታለለችውም እህት ትቅረብ፤ አለዚያ ስሟ ይሰረዛል።

በመንገድ ላይ ጋሽ ሞላ ከፊት ከፊት ሄዱ። ግቢው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። «አበላሸሁባችሁ፣ አይደል?» አሉ። «እኛ ነን ያበላሸነው፣ ጋሼ» አልኋቸው። ከልቤ ነው። እንዲክዱ አስቤ እንደነበር ትዝ ሲለኝ ራሴን ጠላሁት።

ሐሙስ

ረሕማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዋለች። ምሳዋን አልነካችውም። «የረሕማ አባት ባለ ማተብ ነው» እያሉ ክፍሉ በሙሉ ሲስቅባት እንደዋለ ጓደኛዋ መጥታ ነግራታለች። እንዲህ ያለ ጓደኛ ጠላት ነው።

ማታ እንዲህ አለችኝ፦ «እቴቴ፣ ዓሣ ገበያ ዓሣ የሚያጸዱ ሴቶች አሉ። ከእነሱ ጋር ልሥራና ልርዳሽ። አባባ እንዳይመጣ።»

ልመታት እጄን አነሣሁ። መለስሁት። ደልጊ መመለስን ከመፍራቷ የተነሣ ነው።

አባባ ደወለ። «ነገ በጠዋት ይነሣል ተብሏል፣ እኔም አለሁበት» አለ። ስለ ማተቡ ልነግረው አፌን ስከፍት መስመሩ ጠፋ።

ዓርብ

ከሥራ በቀጥታ ወደብ ሄድሁ። ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሣ። ሐይቁ ዳለቻ ሆነ፣ ማዕበሉ ድንጋዩ ላይ ይሰበራል። ታንኳ ያላቸው ሁሉ ወደ ዳር ጎትተዋል። የደልጊው ጀልባ የለም። የአባባ ስልክ ዝግ ነው። ጋሽ ሞላ ተረኛ ናቸው፣ የመጣውን ባለ ጀልባ ሁሉ ይጠይቁልኛል። ያየ የለም።

ጀልባው አልተነሣም ይሆናል። ወይ ተነሥቶ ተመልሷል። ወይ ተነሥቶ አልተመለሰም። ይህን ሦስተኛውን አልጽፍም ብዬ ነበር።

እኔ ጠርቼው አባቴን ሐይቅ ከበላው ረሕማ ብትማር ምን ይረባኛል?

ቅዳሜ

መጣ! አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ!

ነፋሱ ሲበረታባቸው ዘጌ ተጠግተው አድረዋል። ልብሱ አልደረቀም፣ በዓመት ውስጥ አርጅቷል። ረሕማ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልለቅም አለች። ደረቅ ልብስ አልብሼው፣ ትኩስ ነገር አቅምሼው ሁሉንም ነገርሁት። የጋሽ ሞላንም።

ስኒውን አስቀመጠ። ከዚያ «እኔ በሕይወት እያለሁ አባት ተዋስሽ?» አለኝ።

ልቤ ተቆረጠ። ቢሰድበኝ እችለው ነበር።

ተነሥቶ ወደ ጋሽ ሞላ ቤት ሄደ። ሊጣላቸው መስሎኝ እየሮጥሁ ተከተልሁት። እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ «ልጄ ስትታመም የተሸከሟት እርስዎ ነዎት አሉ። አላህ ይስጥልኝ» አላቸው። ጋሽ ሞላ አለቀሱ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት አልችልም፣ ወጣሁ።

አንድ ጣጣ አለ። የአባባ መታወቂያ ጊዜው አልፎበታል። የሚያድሰው ቀበሌ ከተዘጋ ከርሟል።

እሑድ

ለብርቱካን ደውዬ ለነገ ጠዋት ፈቃድ ለመንኋት። እውነቱን ነገርኋት፤ የእህቴን፣ የኮሚቴውን። «ሐያት፣ በእኔ እጅ አይደለም። ማስጠንቀቂያሽን ጨርሰሻል። ነገ ከቀረሽ ማክሰኞ አትምጪ» አለችኝ።

ነገ ከእኔና ከረሕማ አንዳችን ቀሪ ነን።

ለአባባ አልነገርሁትም። ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ ደህና ነው አልሁት። ሌላ ውሸት።

ሰኞ

አልሄድሁም ሥራ። ኮሚቴው ፊት ቀረብሁ።

ምክትሉ፣ ሁለት መምህራን፣ አንድ የወላጆች ተወካይ። አንዷ መምህርት ትዕግሥት ናት፣ የረሕማ ስም ጠሪ። አባባ ኮፊያውን አስተካክሎ ቆመ። ይቀመጡ ቢሉትም አልተቀመጠም። ምክትሉ መታወቂያውን ገለበጡት። «ጊዜው ያለፈበት ነው። ያለፈውም ሰው እኮ ሰይድ ነኝ ብሎኝ ነበር። በምን ልመን?» አሉ። ከዚያ ጥያቄ።

«ልጅዎ የትኛው ክፍል ናት? ኤ ናት ቢ?»

አባባ እኔን አየኝ። «ስምንት ነው የሰማሁ» አለ።

«መቼ ተወለደች?»

«ሐይቁ ሞልቶ ከተራራው ሥር የደረሰ ጊዜ፣ ሾላው ሥር ትልቁን ጀልባ ስሠራ።»

«ቀኑን ነው የምልዎት።»

«ቀኑንማ እናቷ ነበረች የምታውቅ። እሷ የለችም።»

«ባለፈው ሰሞን ምን ታማ ነው የቀረች?»

አባባ ዞሮ ረሕማን አያት። «ምን ነበር ያመመሽ?» አላት። ወባውን ደብቀነው ነበር፣ እዚያ ሆኖ እንዳይጨነቅ ብለን። ለካ ቅዳሜም የምንቸኩለው ወደ ማተቡ ነበርና ምን እንዳመማት አልነገርነውም።

ምክትሉ መነጽራቸውን አወለቁ። ረሕማ ትንሰቀሰቃለች። አለቀ አልሁ በልቤ፤ ውሸተኛው አልፎ እውነተኛው ወደቀ።

መምህርት ትዕግሥት ሳቀች። ሁላችንም ደነገጥን።

«ይቅርታ፣ ጋሼ» አለቻቸው ምክትሉን፤ «ያኛው ሰውዬ አንድ ሳይሳሳት መለሰልኝ አላሉኝም? አጥንቶ መጥቶ ነዋ። የተለመነ ሰው እንዲህ ባዶውን ይመጣል? የእኔም አባት ክፍሌን ሳያውቁ ነው ያስተማሩኝ።»

የወላጆች ተወካዩም ራሱን ነቀነቀ። ምክትሉ ግንባራቸውን ይዘው ቆዩ። አልሳቁም። ለእኔ ማስጠንቀቂያ፣ ለረሕማ ማስጠንቀቂያ፤ ሁለተኛ ያለ ፈቃድ ብትቀር ጉዳዩ አይታይም። ከዚያ «ይፈርሙ» አሉ። አባባ ፈረመ። ረሕማ ዓይኗን በሻሿ ጠርጋ ክፍል ገባች፤ ከሰዓት በኋላ ከተፈታኞች ጋር ተመዘገበች።

በሩን ስንወጣ አባባ «እኔ ወድቄ እሷ አለፈች» አለኝ። ሲስቅ ጥርሱን ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው።

ማክሰኞ

ሆኖም ፋብሪካ ሄድሁ፤ ምናልባት ብዬ። ዘበኛው ካርዴን ተቀብሎ እዚያው አቆመኝ። ብርቱካን ራሷ ወጣች። ዓይኔን አላየችኝም። «ሕጉ ነው፣ ሐያት» አለች። እሷም ልጆች አሏት። አልተሳደብሁም። መቀሴንና ሽርጤን አስረክቤ ወጣሁ።

ከዚያ ወደብ ሮጥሁ፤ የአባባ ጀልባ በጠዋት ይነሣ ነበር። ረሕማን ቀድሞ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ሸኝቷታል፣ ዘበኛው «ግቢ» ሲላት ቆሞ አይቷል። ደስታውን ለጋሽ ሞላ ሲያወራ ደረስሁ። ኪራዩን፣ ምሳችንን፣ የረሕማን ደብተር እያሰብሁ ሳቅሁለት። መንገር ነበረብኝ። ብነግረው ጀልባው ላይ አይወጣም፤ ወይ ረሕማን ይዟት ይሄዳል።

«ሥራ አስፈታሁሽ፣ አይደል?» አለኝ። «ሂጂ፣ አይቆጡሽ።»

«ፈቅደውልኛል» አልሁት።

እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገልኝ። ረሕማን ለፈተናው ያድርስልሽ አለ። ጤና ይስጥሽ አለ። «የያዝሽውን ሥራ አላህ ያጽናልሽ» አለ።

አሚን አልሁ።