አይዞህ የተባለው ቡሎን

ለምሳሳልህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ ዛሬም መኪና ሥር ስትገባ «ወይኔ» ትላለህ? የእማዬ ጉልበት ሕመሙ ተወት አደረጋት? የአባዬ ዓይንስ እንዴት ሆነ? እናንተ ደህና ከሆናችሁልኝ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው። እኔማ ደህና ከመባልም አልፌአለሁ፤ ከደስታዬ የተነሣ እስክሪብቶው እጄ ላይ አልረጋ ብሏል። ጽሑፌ ቢዛባብህ ሳቅና እለፈው።

እንደምታውቀው እዚህ ሰው አገር መጥቼ ጋራዥ ከገባሁ ጀምሮ ሥራዬ መኪና ማጠብና ወለል መጥረግ ነበር። እጄ ቁልፍ ሲናፍቅ ሳሙና ይዞ ከረመ። ባለፈው ሳምንት ታዲያ ቀዩ የምንለው መካኒክ ክንዱን ወለም ብሎት ቀረ። በዚያው ቀን ደንበኛችን ዳቦ ጋጋሪው ያረጀች ባለ ሁለት በር መኪናውን እያስነጠሰ ከች አለ። የኋላ ወንበሩ ላይ አዲስ ሄደር አስተኝቷል፤ ደግሞ እንደ አራስ ልጅ በብርድ ልብስ ጠቅልሎታል።

አንተ ሄደርን ታውቀዋለህ፤ እማዬ ግን ስታነብላት «ምንድን ነው እሱ?» ማለቷ አይቀርም። ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ተቀብሎ ድምፁን ወደሚያፍነው ማርሚታ የሚያወርድ ብረት ነው በላት። መኪናዋ ስትሠራ አብሮ የመጣው ጠባብ ስለሆነ ሞተሩን ትንፋሽ ያሳጥረዋል፤ ይኼ ለብቻው የሚገዛው ግን ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ረጅም ቱቦ አለው። አፍንጫው ታፍኖ የከረመ ሰው ጉንፋን ሲለቀው ማለት ነው።

የጋራዡ ባለቤት፣ ቃል ስለማይወጣው «ዝምታው» የምንለው፣ ግራ ቀኙን አይቶ ሰው ሲያጣ እኔን ጠራኝና ትሠሪዋለሽ ወይ አለኝ። አፌ ከሐሳቤ ቀድሞ እሠራዋለሁ አለ! እሱም አንድ ቡሎን ሞተሩ ውስጥ ከሰበርኩ ወደ ሳሙናዬ እንደምመለስ፣ በደህና ከጨረስኩ ግን ከመካኒኮቹ ጋር እንደምሠራ ነገረኝ። ለእሱ ይኼ ረጅም ንግግር ነው።

ሐሳቡን ሳይቀይር ቶሎ ብዬ ሞተሩ ላይ ተደፋሁ። ባትሪውን ፈታሁ፤ መከለያ ቆርቆሮውን አነሣሁ። ቡሎኖቹ በየተራ እሺ አሉኝ። ጥግ ላይ ያለው የመጨረሻው ግን ዝገት በልቶት ድርቅ አለ። «ረጅሙ» የሚባለው ባልደረባዬ የቁልፉ እጀታ ላይ ቧንቧ ሰክቼ በጉልበት እንድታገለው መከረኝ። አንተ ግን ቡሎን ይለመናል እንጂ አይደበደብም ትለኝ የለ? ዝገት የሚያላቅቀውን ዘይት ነፋሁበትና ጠበቅሁ። ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ትንሽ ወደ መፍቻው አወዛወዝኩት፤ እንደገና ዘይት። ለካ ሳይታወቀኝ በእኛ ቋንቋ «አይዞህ፣ አይዞህ የኔ ጌታ» እያልኩት ኖሯል። በስተመጨረሻ ሲጥ ብሎ ዞረ። ወንድም ጋሼ፣ እልል ልል ምንም አልቀረኝ!

ጉዱን ስማ ደግሞ። ረጅሙ «አይዞህ» የዘይቱ ስም መስሎታል! በማግስቱ መለዋወጫ መደብር ሄዶ አንድ ቆርቆሮ አይዞህ ስጡኝ አለ። ሻጩ እንዲህ የሚባል ነገር የለም ቢለው፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ሠርቷልም ብሎ ድርቅ። አሁን ቡሎን እምቢ ባለ ቁጥር ጋራዡ ውስጥ «አይዞህ አቀብሉኝ» ይባላል፤ እኔም ማስረዳቱን ትቼዋለሁ።

ወደዚያው ቀን ልመልስህ። አሮጌውን ብረት አውርጄ የሞተሩን መግጠሚያ ፊት አጸዳሁ፤ ጭስ እንዳያሾልክ መሐል የሚገባውን ጋስኬት አዲስ አድርጌ ሄደሩን ገጠምኩት። ቡሎኖቹን ሁሉ መጀመሪያ በጣቴ አስያዝኩ፣ ከዚያ ከመሐል ወደ ዳር እያልኩ አጠበቅሁ፤ ልክ አንተ እንዳሳየኸኝ። ሞተሩ ሲነሣ ግን ከሄደሩ ላይ ጭስ ቡልቅ ቡልቅ አለ! ዳቦ ጋጋሪው ራሱን ያዘ። ዝምታው የእሳት ማጥፊያ ይዞ ሲሮጥ መጣ፤ እኔ ደግሞ እጄን ዘርግቼ መንገዱን ዘጋሁበት። አዲስ ብረት የተቀባው ዘይት እስኪቃጠል እንደሚያጨስ አውቅ ነበር። ቀስ በቀስ ጭሱ ቀጠነ፣ ጠፋ። ከዚያማ ድምፁን ብትሰማው! ያቺ የምታስነጥስ መኪና ጎርነን ባለ ድምፅ ማጉረምረም ጀመረች። በየመገጣጠሚያው ጆሮዬን ጣል ባደርግ የሚያፈተልክ ጭስ የለም። ዳቦ ጋጋሪው ነድቷት ሲመለስ ጥርሱን መክደን አቃተው።

ዝምታው ግን የእሳት ማጥፊያውን ቦታው መልሶ ቢሮው ገባ። እኔም ቃሉን ረሳው ብዬ መጥረጊያዬን አነሣሁ። ትናንት አንዲት ሴትዮ መኪናዋ እየጮኸባት መጥታ ማን ያይልኛል ስትለው፣ በጣቱ ወደ እኔ እያመለከተ መካኒኳ እሷ ናት አላት። የምልህን ስማ፣ ማንን ነው የሚለው ብዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ከኋላዬ ግድግዳ ብቻ ነበር።

አባዬን፣ ጉልበቱን ሳምልኝ ብላኛለች በለውና አንተው ሳምልኝ። ባለቤትህን እትዬን፣ ያን ቅባት የነካው ቱታህን ስታጥብ እንዳትማረርብህ አደራ በልልኝ። ትንሿን ልጃችሁን ጉንጯን ቆንጥጥልኝ። እማዬን ደግሞ ሰላም በላትና ይኼን ንገራት፦ ጎረቤት ልጅሽ ምን ትሠራለች ሲላት «እዚያው ትሠራለች» እያለች ስታድበሰብስ ኖራለች። ከእንግዲህ ድምጿን ሳትቀንስ፣ መካኒክ ናት ትበል።

እህትህ

ከጋራዡ በላይ ካለችው ክፍሌ፣ እሑድ ሚያዝያ ፲፬ ቀን