ዱላህ የለካት ፒካፕ

ስማቸው ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሞላህ። አንተን የቀበርንበት ክረምት ይኸው ተመልሶ መጣ፤ ደብረ ማርቆስ ፀሐይ ካየች ሰነባብታለች። ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቋ በቁመት ልትበልጠኝ ነው፤ ትንሹ ደግሞ ያንተን ካፖርት ካልለበስኩ እያለ ያስቸግረኛል። እኔም ደህና ነኝ። መንጃ ፈቃድ አውጥቻለሁ፣ አትሳቅ። ይጁቤ ገበያ ጤፍ የምጭነው ራሴ እየነዳሁ ነው። ዛሬ የምጽፍልህም ስለ ፒካፕህ ነው።

አንተ አላየህም እንጂ የቀብርህ ዕለት ጉድ ሠርታናለች። አስከሬንህን ይዘን ወደ ዲማ ስንሄድ፣ የከባድ መኪና ጎማ የመንገዱን ዋልካ ጭቃ ግራና ቀኝ ቦርቡሮት መሃሉ ላይ ጉብታ ቀርቶ ኖሮ፣ እሱ ላይ ቁጭ አለች። ሰው ቢገፋ፣ ቢገፋ፣ ጎማዋ ጭቃ እየረጨ ባለበት ዞረ። በመጨረሻ አንተን በቃሬዛ ተሸክመውህ ሄዱ። የእናትህን ጉልበት ታውቀዋለህ፤ በዚያ ጭቃ መራመድ አቅቷቸው መኪናዋ ውስጥ ቀሩ። የልጃቸውን ግብአተ መሬት ሳያዩ ተመለሱ። ዓመቱን ሙሉ መቃብሩን ሳላየው እንዳልሞት ሲሉኝ ከረሙ። እኔም ለሙት ዓመቱ በመኪናዋ እወስድዎታለሁ አልኳቸው። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት።

ወንድምህ አበጀ ይህን ሰማ። አንዴ ከተነሳ የሚመልሰው እንደሌለ መቼም አንተም ታውቃለህ። እኔ ገበያ በዋልኩበት ቀን ጋራዥ ወስዶ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ፣ ያን አካሏን የሚሸከመውን ተደራራቢ ብረት፣ ደርቦባት፣ ሰማይ ሰቅሏት መጣ። የሠፈሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ አደነቀ። እናትህ ልሳፈር ቢሉ ግን እግራቸው ከየት ይድረስ! አበጀ አቅፎ ሊያስገባቸው ሲሞክር ጆንያ አይደለሁም ብለው ተቆጥተው ቤት ገቡ። ቀኑን ሙሉ አላናገሩትም።

እኔም ነገሩ አልጥመኝ አለና ዱላህን አነሳሁ። ወንዝ ሲሞላ ዱላህን ውሃው ውስጥ ትሰካና፣ እርጥቡ የቱ ጋ እንደሚደርስ ከመኪናዋ ጎን አቁመህ ታያለህ፤ እኔ ጨንቆኝ ስነጫነጭብህ እየሳቅህ «ዱላው አልፏል፣ እኛም እናልፋለን» ትለኝ ነበር። ይህ ትዝ ብሎኝ ዲማ መንገድ ድረስ ሄድኩ። ጎማ በሚሄድበት ቦይ ውስጥ ዱላውን አቁሜ፣ የጉብታው አናት የሚደርስበት ላይ በቢላ ምልክት አደረግሁ። ቤት ተመልሼ መኪናዋ ሥር ሳቆመው ምን ባይ ጥሩ ነው? ከላይ ያለው አካሏ ተሰቅሏል፤ በኋላ ጎማዎቿ መሃል ያለው ድቡልቡል ብረት፣ ዲፈረንሻሉ፣ ግን ከድሮው ቦታው ንቅንቅ አላለም። ያን ቀን ጉብታው የያዘው እሱን ነበር፤ የተፋቀበት አሁንም ያስታውቃል። እሱን ከመሬት የሚያርቀው ባሌስትራ ሳይሆን ጎማ ነው።

ዱላ ይዤ ጋራዥ ስገባ ሰው ልደበድብ የመጣሁ መስሏቸው ሥራቸውን ትተው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ስነግራቸው መካኒኩ አጎንብሶ አይቶ ልክ ናት አለ። አበጀም፣ እንግዲያ ጎማ ከሆነማ ብሎ ግዙፍ ጎማ አመጣ። አንዱን አስረው መሪውን ቢያዞሩት የጎማውን ክዳን፣ ፓራፋንጎውን፣ ፋቀው፤ መልሰው አልኩት። ጎማው የሚታሰርበትን ብረት፣ ቸርኬውን፣ ሳንነካ፣ ከድሮው ትንሽ ከፍ የሚል፣ ጥርሱ ለጭቃ የሚሆን ጎማ መረጥኩ። ከተደረበው ባሌስትራ ጎማው አካሏን እንዳይነካ የሚበቃውን ብቻ አስቀርቼ ሌላውን አስወጣሁ። ዱላህን ደግሜ ሳቆመው ምልክቱ ከዲፈረንሻሉ በታች ዋለ። በሩ ሥር ደግሞ የብረት መርገጫ አስበየድኩ። የእሱን ቁመት የለካሁት በእናትህ እግር ነው።

ትናንት ሙት ዓመትህ ነበር። እናትህ መርገጫውን ረግጠው፣ ማንም ሳይደግፋቸው ገብተው ከጎኔ ተቀመጡ። ድፎውንና ጠላውን ከኋላ ጭነን በጠዋት ወጣን። ጉብታው ዘንድሮም እዚያው ነው። አበጀ ከኋላ ጭነቱ ላይ ቆሞ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ እያለ ይጮሃል፤ እኔ አልሰማሁትም። ማርሽ ቀንሼ ቀስ ብዬ ገባሁበት። እናትህ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳዊታቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ነበር። ትንሽ ቆይተው፣ እንደጨፈኑ፣ «ያ ቦታ ገና ነው?» አሉኝ።

«አልፈነዋል፣ እማማ።»

መቃብርህ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። የዓመቱን ለቅሶ አለቀሱት፤ ከዚያ ድንጋዩን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልህና ቀና ብለው እህል አምጡ አሉ። ካንተ ሞት ወዲህ ጠግበው ሲበሉ ያየሁት ገና ትናንት ነው።

ናፍቀኸኛል፣ ስማቸው። ዱላህን ከመቀመጫዬ ጀርባ አስቀምጬዋለሁ። ወንዝ በሞላ ቁጥር ወርጄ እለካለሁ፣ ከዚያም ያንን ያንተን ቃል ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ ልጆቹም ማን ይል እንደነበር ያውቃሉ።

ባለቤትህ፣ ትሁን